ሰርን ላይ ፒኤችዲ መሥራት፦ ሐዋሳ ላይ ለሚጠይቁኝ ሁሉ

ሐዋሳ ስመጣ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይጠብቀኛል። አንደኛው የሰፈር ነው። ቡና ላይ የእናቴ ጓደኞች «እዚያ ፈረንጅ አገር የምትሠሩት ቦምብ ነው አሉ፤ እውነት ነው ልጄ?» ይሉኛል። አይደለም። ሰርን ጄኔቫ አጠገብ ያለ የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ተቋም ነው። የተቋቋመበት ስምምነት ራሱ ተቋሙ ለወታደራዊ ጉዳይ የሚውል ሥራ ውስጥ እንደማይገባ፣ የምርምር ውጤቱም ለሁሉም ይፋ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህን ሳስረዳ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ያመኑኝ ግን አይመስለኝም።

ሁለተኛው የፊዚክስ ተማሪዎች ጥያቄ ነው። «ሰርን እንዴት ይገባል?» ይሄኛው አጭር መልስ የለውም። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ በቴሌግራም፣ ወደ አቶቴ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ስመልሰው ኖሬያለሁ። ሁሌም ግማሹን እየዘለልኩ ስለማወራ፣ እስቲ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን የሠራሁት እዚሁ ሐዋሳ ነው። አሁን ደቡብ አፍሪካ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የተመዘገብኩ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። የምሠራው አትላስ በሚባለው የሰርን ሙከራ ላይ ነው። ከዓመቱ ብዙውን ደቡብ አፍሪካ አሳልፋለሁ። የተወሰነውን ጄኔቫ። ሲመቸኝ ደግሞ ሐዋሳ እናቴ ቤት ሆኜ እሠራለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናጥራ። ሰርን ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ዲግሪ አይሰጥም። የራሱ የዶክትሬት ተማሪዎች ፕሮግራም አለው፤ እሱ ግን በዋናነት ለአባል አገራት ዜጎች ነው፣ የሚያተኩረውም ኢንጂነሪንግ፣ ኮምፒውተርና አፕላይድ ፊዚክስ ላይ ነው። እንደኔ ዳታ ተንትኖ ስለ ሂግስ (ለሌሎች ቅንጣቶች ክብደት ከሚሰጠው መስክ ጋር የተያያዘው ቅንጣት) የሚጽፍ ተማሪ በዚያ በር አይገባም። የሚገባው በዩኒቨርሲቲው በኩል ነው። ዩኒቨርሲቲው የአንድ ሙከራ አባል ይሆናል፤ ተማሪውም በዚያ ስም ይመዘገባል። ሰርን ውስጥ «ዩዘር» ነው የምንባለው። ስኮላርሺፑም የሚመጣው ከዩኒቨርሲቲው ወገን እንጂ ከሰርን አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሩት። «የትኛው ቡድን ውስጥ፣ ከየትኛው አማካሪ ጋር ልሥራ?» በሉ። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ አትላስና አሊስ በሚባለው ሌላ የሰርን ሙከራ ውስጥ አለች። ሞሮኮ ከ1990ዎቹ ጀምሮ አትላስ ውስጥ ናት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች ነው)። ግብፅ ሲኤምኤስ በሚባለው ሙከራ ውስጥ አለች። ሙከራዎቹ የአባል ተቋሞቻቸውን ዝርዝር ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ዝርዝሩን ይዛችሁ የየዩኒቨርሲቲውን የፊዚክስ ክፍል አስሱ። መምህሩ ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ምን ላይ እንደሠራ አንብቡ። ከዚያ ጻፉለት። ኢሜይሉ አጭር ይሁን። «ከልጅነቴ ጀምሮ ፊዚክስ እወዳለሁ» የሚለውን ተዉት፤ ሁሉም ሰው ይጽፈዋል። ምን ኮድ እንደጻፋችሁ፣ ምን ዓይነት ዳታ እንደነካካችሁ ንገሩት።

«ዳታ ከየት አመጣለሁ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሰርን ከ2014 ጀምሮ ለማንም ክፍት የሆነ የኦፕን ዳታ ፖርታል አለው። አትላስና ሲኤምኤስ እውነተኛ የፕሮቶን ግጭት ዳታ ከነማስተማሪያው ለቀዋል። አትላስ በ2020 ለትምህርት ብሎ የለቀቀውን ዳታ አውርዳችሁ፣ ሂግስ ወደ ሁለት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ሲበታተን ግራፉ ላይ የምትወጣዋን ትንሽ ጉብታ ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የሚያስኬድ ላፕቶፕና ትዕግሥት ይበቃል። እኔ አማካሪ ብሆን ከዲግሪ ውጤቱ ይልቅ እሱን ነበር የማየው።

አማካሪው እሺ ካለ ደግሞ ስለ ገንዘብ ለመጠየቅ አትፈሩ። እኛ አገር ስለ ብር መጠየቅ ነውር ይመስላል። እዚያ ግን ያልጠየቀ ነው የሚገርማቸው። ስኮላርሺፑ ስንት ዓመት ይቆያል? የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል ወይስ በላዩ ነው? ወደ ጄኔቫ ስላክ ትኬቱን፣ የቀን አበሉን፣ የጤና ኢንሹራንሱን ማን ይከፍላል? ቀድሞ ይከፈላል ወይስ እኔ አውጥቼ በኋላ ይመለስልኛል? የመጨረሻዋን በተለይ አትዝለሏት። ጄኔቫ የአንድ ወር ኪራይ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ እስኪመለስላችሁ መጠበቅ ቀልድ አይደለም።

በቀጥታ ፒኤችዲ ካልተገኘ መሸጋገሪያዎች አሉ። ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው አይሲቲፒ (ዓለም አቀፉ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል)፣ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም በ1964 ያቋቋመው፣ ከታዳጊ አገራት ለሚመጡ ተማሪዎች የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ፕሮግራም አለው። የሃይ ኢነርጂ (የቅንጣት) ፊዚክስ ክፍልም አለበት፤ ወጪውን ይሸፍናል። ኪጋሊ ውስጥም የአይሲቲፒ አጋር ተቋም አለ። ኤይምስ (የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም) ደግሞ ሩዋንዳን ጨምሮ በተለያዩ የአፍሪካ አገራት ማስተርስ ያስተምራል። የአፍሪካ የመሠረታዊ ፊዚክስ ትምህርት ቤት የሚባለውም አለ፤ በ2010 ስቴለንቦሽ ላይ ተጀምሮ አገር ለአገር እየዞረ የሚካሄድ፣ ሳምንታት የሚፈጅ ሥልጠና ነው። ከሁሉም በላይ ሰዎችን የምትተዋወቁት እዚያ ነው። የሰርን የክረምት ተማሪዎች ፕሮግራምም የአባል አገራት ዜጋ ያልሆኑትን ይቀበላል፤ ቢያንስ ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ በፈረንጆች ጥር መጨረሻ ገደማ ይዘጋል። የድጋፍ ደብዳቤ ስለሚፈልግ መምህሮቻችሁን ኅዳር ላይ ጠይቁ። በመጨረሻው ሳምንት የተለመነ ደብዳቤ እንደዚያው ሆኖ ነው የሚጻፈው።

እንግዲህ ገባችሁ እንበል። ምን ይጠብቃችኋል?

መጀመሪያ የሚጠብቃችሁ ሂግስ አይደለም። የአገልግሎት ሥራ ነው። አትላስ ውስጥ የጽሑፍ ደራሲ ለመሆን አንድ ዓመት ገደማ የሚፈጅ የብቃት ማረጋገጫ ሥራ መሥራት ግድ ነው። ከመመረቂያ ጽሑፋችሁ ጋር ላይገናኝ ይችላል። የሁሉም የሆነውን መሣሪያ ለማቆየት የምታዋጡት ጉልበት ነው። ልክ እንደ ዕቁብ ነው፦ መጀመሪያ ትጥላላችሁ፣ ዕጣው በኋላ ይደርሳችኋል።

የኔ ሥራ የቅንጣቶችን ጉልበት የሚለካው ታይል ካሎሪሜትር ላይ ነበር። አትላስ 46 ሜትር ርዝመት፣ 25 ሜትር ከፍታና 7,000 ቶን ገደማ ክብደት ያለው መሣሪያ ነው። ከመሬት በታች ወደ 100 ሜትር ጥልቀት ላይ ተቀምጧል። ከክፍሎቹ አንዱ የሆነው ታይል ካሎሪሜትር ብረትና ፕላስቲክ ተነባብሮ የተሠራ ነው። ቅንጣት ሲያልፍበት ፕላስቲኩ ብርሃን ይሰጣል። ብርሃኑ በቀጭን ፋይበር ተጉዞ ፎቶመልቲፕላየር ወደሚባል ቱቦ ይገባና የኤሌክትሪክ ምልክት ይሆናል። እነዚህ ቱቦዎች ወደ 10,000 ይጠጋሉ። ችግሩ ስሜታቸው እያደር ይለዋወጣል። ዛሬ 100 ያለው ነገ 99 ይላል። ስለዚህ በሲዚየም ጨረር፣ በሌዘርና በተለካ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይፈተሻሉ። የኔ ድርሻ የሌዘሩን ዳታ እያየሁ የትኛው ቱቦ እንደተንሸራተተ መለየት ነበር።

በእውነት ደባሪ ቀናት ነበሩት። ቱቦ፣ ግራፍ፣ ቱቦ፣ ግራፍ። ግን ይሄ ካልተስተካከለ የቅንጣቶቹ ጉልበት ይዛባል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚጽፉት ሁሉ አብሮ ይዛባል። ፒኤችዲ የሚጀምር ሰው ሥራውን ንቆ ቶሎ ወደ «ዋናው ፊዚክስ» ለመሮጥ ይፈተናል። ባትሮጡ ይሻላል። መሣሪያውን ከውስጥ የምታውቁት ያኔ ብቻ ነው። በኋላ ግራፋችሁ ላይ ያልጠበቃችሁት ነገር ሲወጣ፣ ከየት እንደመጣ የምትጠረጥሩት በዚያ ዕውቀት ነው።

የብቃት ሥራው ሲያልቅ ስማችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ የአትላስ ጽሑፍ 3,000 ገደማ ደራሲ አለው። በ2015 አትላስና ሲኤምኤስ የሂግስን ክብደት አንድ ላይ የለኩበት ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች ነበሩት። 33 ገጽ ነው፤ ሳይንሱ 9 ገጽ፣ የቀረው 24 ገጽ የደራሲዎችና የተቋማት ስም። ቅደም ተከተሉ በፊደል ተራ ነው። የኛ ስም እዚያ ሲገባ የራሳችን በአንድ ፊደል ያጥርና የአባታችን ሙሉውን ይጻፋል። አባቴ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ተመራማሪው እኔ ነኛ!» ብለው ለሳምንት ሲስቁ ከረሙ።

ይሄ ዝርዝር አንድ ጣጣ አለው። ሥራ ስትፈልጉ «ከ3,000 ሰው አንቺ የሠራሽው የትኛውን ነው?» ትባላላችሁ። መልሱ ጽሑፉ ላይ የለም። ያለው በስብሰባ ያቀረባችኋቸው ስላይዶች፣ የውስጥ ማስታወሻዎችና የሚያውቋችሁ ሰዎች ጋ ነው። ለእኛ ልጆች የሚከብደውም እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኛ ዝም ማለት ጨዋነት እንደሆነ ተምረን ነው ያደግነው። ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም። ሥራ ሳያልቅ አይታይም። መምህር «ገባችሁ?» ሲል «አዎ» ይባላል። አትላስ ውስጥ ግን ዝም ያለ ሰው እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ማንም በክፋት አይደለም። ስብሰባው በቪዲዮ ነው፤ ከብዙ አገር ሰው ተሰብስቧል፤ የማይናገረውን የሚያስታውስ የለም። ገና በጅምር ላይ ያለ፣ ግማሹ የማይሠራ ነገር ይዞ መቅረብ የተለመደ ነው። እንዲያውም የሚፈለገው እሱ ነው፤ ስህተቱ በጊዜ ይታያላ። የሚጠይቋችሁ ጥያቄ መጀመሪያ እንደ ስድብ ይሰማል። «ይህን ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ማለት «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ማለት ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። እኔ ይህን እስክለምድ ብዙ ማታ ተበሳጭቻለሁ።

የረዳኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ከስብሰባው በፊት አንድ ጥያቄ ጽፌ እገባለሁ። የራሴን ባላቀርብም የሌላውን ሰው ስላይድ ቀድሜ አንብቤ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ስላይዶቹ ኢንዲኮ በሚባለው ሥርዓት ላይ ቀድመው ስለሚሰቀሉ ይቻላል። በቃል ለመናገር ከከበዳችሁ በቡድኑ ቻት ላይ ጻፉ። «ሞኝ ጥያቄ ሊሆን ይችላል ግን...» የምትለዋን መግቢያ ደግሞ ጣሏት። ፕሮፌሰሩንም በስሙ ጥሩት። መጀመሪያ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ትለምዱታላችሁ።

ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ። የኔ ጽሑፍ ሂግስ ወደ ሁለት ፎቶን ሲበታተን ነው። የሂግስ መገኘት ይፋ የሆነው ሐምሌ 4 ቀን 2012 በፈረንጆች ሲሆን፣ ክብደቱ 125 ጊጋኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣት ክብደት የሚለካበት መለኪያ) ገደማ ነው። ወደ ሁለት ፎቶን የሚሄደው ከ1,000 ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ግን ፎቶን በንጽህና ስለሚለካ ተወዳጅ መንገድ ነው። 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው ማፋጠኛ ውስጥ የፕሮቶን ጭፍሮች በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይገናኛሉ። ሁሉንም ማስቀመጥ አይቻልም። ትሪገር የሚባለው ሥርዓት በቅጽበት መርጦ በሰከንድ ጥቂት ሺህ ብቻ ያስቀራል። የቀረው ለዘላለም ይጠፋል። እኛ የምንሠራው በተረፈው ላይ ነው።

«ቀኑን ሙሉ ምን ትሠሪያለሽ?» ለሚሉኝ፦ ኮድ። ሲፕላስፕላስና ፓይተን። ሩት የሚባል የሰርን ሶፍትዌር አለ፤ አዲስ ተማሪ ይረግመዋል፣ አሮጌ ተማሪ ይለምደዋል፣ የሚወደው ሰው ግን አላጋጠመኝም። ጠዋት ማታ የላክሁትን ሥራ ማየት፣ የወደቀውን መለየት፣ መጠገን፣ እንደገና መላክ። ዳታው ራሱ ዓለም አቀፍ በሆነ የኮምፒውተር መረብ ላይ ተበትኖ ነው ያለው፤ ከ40 በላይ አገሮች ውስጥ 170 ገደማ ማዕከላት አሉት። ሥራችሁ የትኛው አገር ኮምፒውተር ላይ እንደሚሮጥ ላታውቁም ትችላላችሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀኝ መሸፈኑ ነው። የምትፈልጉት ነገር ሊወጣ የሚችልበትን የግራፍ ክፍል ሸፍናችሁ ነው የምትሠሩት። የምርጫ መስፈርቱን፣ ስሌቱን፣ ስህተቱን ሁሉ ሳታዩ ታዘጋጃላችሁ። ቡድኑ ከመረመረ በኋላ ነው «ክፈቺ» የሚባለው። ሰው የሚፈልገውን ነገር ማየት ስለሚቀናው ነው። ከዚያም በኋላ ግኝት ለማለት አምስት ሲግማ ያስፈልጋል፤ የዳታው ግርግር ብቻውን ያንን የሚያህል ጉብታ የመፍጠር ዕድሉ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ ነው ማለት ነው። ጥንቃቄው የተጋነነ ለሚመስላችሁ የ2015ን ታሪክ ልንገራችሁ። በታኅሣሥ ወር አትላስም ሲኤምኤስም በዚሁ በሁለት ፎቶን መንገድ 750 ጊጋኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ጉብታ አዩ። የቲዎሪ ሰዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ጻፉበት። በ2016 ነሐሴ ተጨማሪ ዳታ ሲመጣ ጉብታው ጠፋ። ማንም አልዋሸም። ዳታ ሲያንስ እንዲህ ያደርጋል።

ከዚያ ማጽደቁ ይመጣል። የውስጥ ማስታወሻ ትጽፋላችሁ፤ የተመደቡ ገምጋሚዎች ይመረምሩታል፤ ቀጥሎ ጽሑፉ ለመላው አባላት ይሰራጫል። ማንም አስተያየት መስጠት ይችላል። ለእያንዳንዱ በጽሑፍ መልስ ይሰጣል፤ «ገጽ 7 ላይ ኮማ ጎድሏል» ለሚለው ሳይቀር። ወራት ይወስዳል። ስለዚህ የመመረቂያ ጊዜያችሁን ስታሰሉ «ትንተናው አለቀ» ያላችሁበት ቀን ላይ አትቁሙ።

የሥራው አቆጣጠር ከኛ በዓላት ጋር አይስማማም። በመጋቢት አካባቢ ሞሪዮንድ የሚባል ትልቅ ጉባኤ አለ። ሁሉም ውጤቱን ለዚያ ማድረስ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥርና የካቲት ጭንቅንቅ ናቸው። ሰርን በፈረንጆች ገና ለሁለት ሳምንት ገደማ ይዘጋል፤ የኛ ገና ሲደርስ እነሱ አርፈው፣ ታድሰው ተመልሰዋል። ጥምቀትም እንደዚያው። ሐዋሳ ታቦት ወጥቶ ከተማው በነጭ ልብስ ተሞልቶ፣ እኔ ክፍል ዘግቼ የገምጋሚ ጥያቄ የመለስኩበት ዓመት አለ። አሁን ቀኖቹን በመስከረም ለቡድኔ አሳውቃለሁ። ማንም ተቃውሞኝ አያውቅም። የማያውቁትን በዓል ሊያከብሩላችሁ ስለማይችሉ ንገሯቸው።

ጄኔቫ ስትሄዱ ፈረቃ ይደርሳችኋል። ማፋጠኛው ሲሠራ የአትላስ መቆጣጠሪያ ክፍል ሌትም ቀንም ሰው አለበት፤ አንድ ፈረቃ 8 ሰዓት ነው። መጀመሪያ ከለመደ ሰው ጎን ተቀምጣችሁ ትማራላችሁ። የሌሊቱ ፈረቃ ረጅም ነው፤ ግን ሰው የምትግባቡበት እዚያ ነው። ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ጋር እንቅልፍ ለማባረር የምታወሩት ወሬ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ስለ ኑሮ አጭር ላድርገው። ከጄኔቫ ባቡር ጣቢያ 18 ቁጥር ትራም ሰርን በር ላይ ያደርሳችኋል። ግቢው ራሱ የስዊዘርላንድና የፈረንሳይን ድንበር ይረግጣል። በፈረንሳይ በኩል ያሉት መንደሮች፣ እንደ ሳን ዠኒ ፑዪ ያሉት፣ በኪራይ ይረክሳሉ፤ ግን ለረጅም ጊዜ ለመኖር የምትኖሩበት አገር ቪዛ ያስፈልጋል፤ የስዊዙ አይበቃም። ይህን ሳታጣሩ ቤት አትያዙ። ምሳ ግቢው ውስጥ ነው። በጾም ወቅት «ሥጋ የለበትም» የሚሏችሁን ምግብ ቺዝ እንዳለበት ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አለበት። ጄኔቫ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ኪሴ ስለማይፈቅድ እኔ በርበሬና ሽሮ ይዤ ነው የምሄደው።

ቪዛ ነገር የብዙዎችን ወር ይበላል። አንድ ኤምባሲ ቀጠሮዬን ሁለቴ አዛውሮብኝ አንድ ጠቃሚ የሙከራ ሳምንት አምልጦኛል። የፈረንጅ ፓስፖርት ያለው የቡድናችን ልጅ በዚያው ጠዋት ትኬት ቆርጦ ሄደ። ይሄ ያበሽቃል፤ እንደማያበሽቅ ማስመሰል አልፈልግም። የግብዣ ደብዳቤው ላይ ቀኑ ሰፋ ተደርጎ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ የሚተካችሁ ሰውም ከአሁኑ ይታወቅ።

ከሐዋሳ ሆኖ መሥራት ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ብልሃት ይፈልጋል እንጂ። ከባዱ ስሌት የሚሠራው ሰርን ኮምፒውተሮች ላይ ስለሆነ ላፕቶፓችሁ ውድ መሆን የለበትም። ወደነሱ የምትገቡበት የጽሑፍ ተርሚናል በጣም ትንሽ ኢንተርኔት ነው የሚበላው፤ በስልክ ዳታም ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ሥራው እንዳይቋረጥ ቲመክስ የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀሙ። መስመሩ ቢበጠስ ሥራው እዚያ ይቀጥላል። የገባችሁበትን የኮምፒውተር ቁጥር ግን ጻፉት፤ ተመልሳችሁ ካልገባችሁበት ሥራችሁን አታገኙትም። የመግቢያ ፈቃዱም በአንድ ቀን ገደማ ያልፍበታል፤ ካላደሳችሁት ሌሊት ፋይል ሲጽፍ የነበረ ሥራ ጠዋት ወድቆ ታገኙታላችሁ። ግራፍ ለማየት ከሩቅ መስኮት ከመክፈት ትንሽ ፒዲኤፍ አድርጎ ማውረድ ይፈጥናል።

ስብሰባ ላይ ቪዲዮ አጥፉ፤ ድምፅ ብቻ ይበቃል። አሜሪካ ያሉት እንዲገቡ ብዙ ስብሰባ በጄኔቫ ከሰዓት በኋላ ነው የሚደረገው። በነሱ የብርድ ወራት የጄኔቫ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት (16፡00) በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። በነሱ የሙቀት ወራት ደግሞ 11 ሰዓት ይሆናል፤ እነሱ በፈረንጆች መጋቢትና ጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ። የቀን መቁጠሪያችሁን ሰርን ሰዓት ላይ አስራችሁ ተዉት፤ በጭንቅላት አታስሉ። ማቅረብ ካለባችሁ ስላይዱን ቀድማችሁ ለአንድ የቡድን ጓደኛ ላኩ፤ ኔትወርኩ ቢጠፋ እሱ ይገልጥላችኋል። ከቤት ሆኖ የሚሠራ ፈረቃም አለ፤ የኮምፒውተር መረቡን መከታተል። ቡድናችሁን ጠይቁ፤ የአገልግሎት ግዴታችሁ ላይ ይቆጠርላችኋል።

የመጨረሻው ብዙ የሚጠየቀው «ከዚያስ ሥራ አለው?» ነው። ከዚህ የሚወጡት አብዛኞቹ ፓርቲክል ፊዚክስ ላይ አይቆዩም። የድኅረ ዶክትሬት ቦታ ለሁለት ሦስት ዓመት ነው፤ ቋሚ ቦታ ጥቂት ነው። ብዙዎች ወደ ዳታ ሥራ፣ ወደ ባንክና ሶፍትዌር፣ ወደ ሕክምና ፊዚክስ ይሄዳሉ። እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተማሪ ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ውል ትፈርማላችሁ፤ ተመልሳችሁ ስንት ዓመት እንደምታገለግሉ፣ ባትመለሱ ዋሱ ምን እንደሚከፍል ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት፤ ዋስ የሚሆናችሁ ሰውም ያንብበው። እኔ ዋስ ያደረግሁት አጎቴን ነበር፤ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው መስመር ካነበቡ በኋላ ነው የፈረሙት።